መንግሥት የቀደማት በሬ

ንጋቷ ከተቆጣች የቆላ ማያ ሰው መንገድ ይቀይራል። ይህን የሚሉት ጠላቶቿ አይደሉም፤ ጎረቤቶቿ ናቸው፣ ያውም እየሳቁ። ባሏ አበባው በሕይወት ሳለ «የእኔ ሚስት ቁጣ እንደ ጣርማ በር ጉም ነው፤ ሲመጣ ፊትህን አያሳይህም፣ ሲሄድ ደግሞ የት እንደገባ አታውቅም» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ማለዳ የጮኸችበትን ሰው ማታ እራት ትጠራዋለች። አሁን የያዛት ቁጣ ግን እንደዚያ አይደለም። ዓመት አልፎት አብሯት ይተኛል፣ አብሯት ይነሣል። ምክንያቱን ሰምቶ ያልተንገበገበ ሰው ካለ ከእሷ ጋር ባይገናኝ ይሻለዋል።

ቆላ ማያ ከአንኮበር ወደ ጣርማ በር በኩል ባለው አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። መሬቱ እዚያ ሲደርስ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ የአፋር ቆላ ተዘርግቶ ይታያል። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ከገብስና ከባቄላ በቀር እሺ የሚል እህል የለም። ንጋቷ ከለሚ በኩል ተድራ ስትመጣ በመጀመሪያው ክረምት «እዚህ ደግሞ ሰው ይኖራል?» ብላ አልቅሳ ነበር አሉ። ኖረችበት። የበግ ጸጉር መፍተል የተማረችውም እዚሁ ነው፤ ፈትላ ባና፣ የሱፉን ብርድ ልብስ፣ ለሚሠሩ ትሸጣለች፣ እንዝርቷ መንገድ ስትሄድ እንኳ ከእጇ አይለይም። አንድ ልጇን፣ ምስጋናን፣ በዚያው እንዝርት አስተምራ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ አስገባችው።

አበባው ሲታመም አንደኛው በሬ ለሕክምና ተሸጠ፤ ሲሞት ሁለተኛው ለተዝካሩ ታረደ። «ምን አስቸኮለሽ? ድሃ እንደ አቅሙ ነው» ያሏት ነበሩ። «አበባውን በሽሮ አልሸኘውም» አለች። በዚህ ዛሬም አትቆጭም። ብቻ ከዚያ ወዲህ በሬ የሌላት ሴት ሆነች፤ በሬ የሌለው ሰው ደግሞ በገጠር ወረፋው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። መሬቷ የሚታረሰው የሰው ሁሉ ከታረሰ በኋላ ነው፤ ክምሯም የሚወቃው የሰው ሁሉ ከተወቃ በኋላ ነው። ያን ዓመት ገብሱ አምሮ ነበር። መንደርተኛው አበራይቶ፣ አንፍሶ፣ ጎተራውን ሞልቶ ሲያበቃ የንጋቷ ክምር ጥር ገብቶም እንደቆመ ነበር። ያን ጊዜ ነው የጌታሁን እሳት የመጣው።

ጌታሁን አዋሳኟ ነው፤ ማሳቸውን የሚለየው አንዲት ወሰን ብቻ ናት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ንጋቷም ክፉ ብላው አታውቅም፣ «ዝንጉ» ነው የምትለው። በዚያ ደጋ የቀዘቀዘው መሬት ገብስ እንዲሰጥ አፈሩን አርሰው በትንንሹ ይከምሩትና እበትና ገለባ ጎስጉሰው ያቃጥሉታል። ክምሩ ነበልባል የለውም፤ ለቀናት ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። ደንቡ አንድ ነው፤ አፈር የለኮሰ ሰው ነፋስ ሲነሣ ከማሳው አይጠፋም፣ አካፋውን ይዞ የተገለጠውን እያለበሰ ይውላል። ጌታሁን የለኮሰው በአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ነበር። በማግስቱ ከገደሉ በኩል ነፋስ ተነሣ። እሱም አይቷል፤ ማኅበር ከሚጠጣበት ቤት ደጃፍ ቆሞ ጭሱ ወዴት እንደሚያዘነብል በዓይኑ አይቷል። ግን ቀኑ ማርያም ነው። በማርያም ቀን አካፋ መያዝ ነውር ነው፣ ኃጢአት ነው፣ በረዶ ያመጣል። ስለዚህ «እመቤቴ ትጠብቀው» ብሎ ተመልሶ ገባና ጠላውን ተቀበለ። እሳቱ ግን በዓል አላከበረም።

ንጋቷ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሰው በዓል መሆኑን ረስቶ ቅጠል እየቀነጠሰ ወደ ማሳዋ ሲሮጥ አገኘችው። አብራ ሮጠች። ሲደርሱ ግን የሚጠፋ ነገር አልነበረም፤ የገብስ ክምር አንዴ ከያዘው ያዘው ነው። የዓመት ቀለቧ፣ የሚመጣው ዓመት ዘሯ፣ ለሁለቱ በጎቿ ያሰበችው ገለባ ዓይኗ እያየ አመድ ሆነ። ጌታሁን መጨረሻ መጣ። ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ዓይኑ በጠላው ቀልቶ፣ ከፊቷ ቆመና «እትዬ ንጋቷ፣ ቀኑ ማርያም ባይሆን ኖሮ እኮ…» አለ።

«ማርያምን እዚህ ውስጥ አታግባት» አለችው። «ማርያም እሳት አልለኮሰችም።»

ያን ቀን አንዲት «ይቅርታ» ብትወጣው ነገሩ ሁሉ ሌላ መንገድ ይይዝ ነበር ይላሉ። አልወጣችውም። አፍሮ ነው፤ ሰው ሲያፍር ደግሞ አንዳንዴ ደረቅ ይመስላል። እሷ ግን ድርቅናውን እንጂ ኀፍረቱን አላየችም፣ ቆሽቷ አርሮ አደረ። ለምስጋና ስትደውልለት «እማዬ፣ ፖሊስ ጋ ሂጂ። ዘመኑ የሕግ ነው። ሽማግሌ ጠላውን ጠጥቶ ነው የሚበተነው» አላት። ማለዳ ወደ ወረዳው ከተማ ስትወርድ አባ ወልደ ሰንበት መንገድ ላይ አገኟት። የመንደሩ አስታራቂ ናቸው፤ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልዳኙት ወሰን የለም።

«ልጄ፣ ነገሩን ለእኛ ስጪን» አሏት።

«አባ፣ እናንተ ይቅር በይው ነው የምትሉኝ። እኔ ይቅርታ አልበላም። ሕግ ነው የምፈልገው።»

አዛውንቱ መንገዱን ለቀቁላት። ንጋቷ ይህን ቀን ስታስታውስ ጥርሷን ታፋጫለች፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ያን ማለዳ ነውና። ግን እስቲ ማን ይፈርድባታል? እህሉ የተቃጠለበት ሰው «በሕግ አምላክ» ብሎ ወደ ሕግ ቢሮጥ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ሕግ ዘንድ የሚሄድ ሰው ሕግ መጀመሪያ የራሱን ድርሻ እንደሚያነሣ ማን ነግሮት ያውቃል?

ክሱ ገባ፤ ጌታሁን ተይዞ ቃሉን ሰጥቶ በዋስ ወጣ። የንጋቷ ቁጣም እንደ ልማዱ መብረድ ጀመረ። አባ ወልደ ሰንበት የሚጠብቁት ይህንኑ ነበር፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከወይራው ሥር አስቀመጧቸው። ጌታሁን እግሯ ላይ ወደቀ። ያቺ ያልወጣችው «ይቅርታ» በብዙ ተባዝታ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ግን በእንባ አልተሸነገሉም። አባ ወልደ ሰንበት እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፤

«አንተ ጌታሁን፣ ጥንድ በሬ አለህ። እሷ የላትም። ስለዚህ ሁለት ክረምት መሬቷን በበሬዎችህ ታርሳለህ፣ ከራስህ ዘር ትዘራለህ፣ ሲደርስም ታበራይላታለህ። የእሷ ሳይታረስ የአንተ አይታረስም። በበዓል ቀን እሳት ጥለህ በመጥፋትህ ለቤተ ክርስቲያን የምትከፍለው አለ፤ እሱ ኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ የተበዳይ ማጀት ይሙላ። እመቤታችን ብትጠብቅ አትቀየምም።»

ንጋቷ ይህን ስትሰማ ደረቷ ቀለል አላት። ገንዘብ አይደለም የምትፈልገው፤ ገንዘብ ከእጅ ያልቃል። የምትፈልገው መሬቷ በጊዜው እንዲታረስላት ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከመጨረሻ ወረፋ ወጥታ መጀመሪያ እንድትሆን። ከጌታሁን በሬዎች ደግሞ ዳልቻው የአካባቢው አውራ ነበር፤ ዳገቱን ሲወጣ ሌላውን በሬ ጎትቶ ይወጣል። «እሺ፣ ታርቄያለሁ» አለች። ማታም ጌታሁንንና ሚስቱን እየሩሳሌምን እራት ጠራች።

በሳምንቱ ክሱን ለማንሣት ወረዳ ወረዱ። ዓቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ወንበር ሁሉ ሰጥቷታል።

«እናቴ፣ ክሱን እርስዎ ማንሣት አይችሉም» አላት። «ክሱ የእርስዎ አይደለም፤ የመንግሥት ነው።»

«ምነው ልጄ? የተቃጠለው የማን ገብስ ነው?»

«ገብሱ የእርስዎ ነው። ወንጀሉ ግን በሕግ ላይ የተፈጸመ ነው።»

ንጋቷ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ገብሱ የእሷ፣ ወንጀሉ የመንግሥት። እንግዲህ የተማረ ሰው ያለው ነገር ነው፣ ትርጉም ይኖረዋል ብላ ተወችው።

ጌታሁን ችሎት ቀርቦ አልካደም። ከተበዳይዋ ጋር ታርቋል፣ ምን ያስክደዋል? ንጋቷም ለምስክርነት ቆማ «ታርቀናል፣ ሊያርስልኝ ነው» አለች። ዳኛው ሁለቱንም በትዕግሥት ሰሙ። ዕርቁን ለቅጣት ማቅለያ ያዙለትና እስራቱን ትተው በመቀጮ ብቻ ቀጡት፤ መቀጮውንም ለመንግሥት ገቢ እንዲያደርግ፣ ካላደረገ ግን እንዲታሰር ወሰኑ። ሰዉ እፎይ ብሎ ወጣ፤ ንጋቷም «ተመስገን፣ ከእስር ተረፈ» አለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «መቀጮው ከምኑ ይወጣል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከሁለት በሬና ከአንዲት ላም በቀር ምንም የሌለው ገበሬ መቀጮ ሲባል ከምኑ ይወጣል? ላሟ እርጉዝ ናት፤ ልጆቹም የሚጠብቁት እሷን ነው።

ከፋሲካ በኋላ በዋለው ገበያ የጎረቤት ልጅ እየሮጠ መጥቶ «እትዬ ንጋቷ፣ ዳልቻው ሊሸጥ ነው» አላት። እንዝርቷን እንደያዘች ወረደች። ጌታሁን የዳልቻውን ገመድ ይዞ ከብት ተራው መካከል ቆሟል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ፖሊስ ቆሟል። ሊገዛ የሚከራከረው ተስፋሚካኤል ነው፣ ወፍጮ ቤትና ሱቅ ያለው ነጋዴ። በሬውን ጥርሱን እያየ፣ ትከሻውን እየዳሰሰ ነበር፤ ዳልቻውም ሞኝ ነውና እጁን ይልሳል። በሬ ካራጁ ይውላል ይሉት ይህንኑ ነው።

ንጋቷ ገመዱን ያዘች። «በሕግ አምላክ። ይህ በሬ አይሸጥም። በሽማግሌ ፊት ለእኔ ካሳ የተያዘ ነው።»

ጌታሁን አንገቱን ደፋ። «እትዬ ንጋቷ፣ ዛሬ ካልከፈልኩ ወህኒ ነኝ። ልጆቼን ማን ያበላልኛል?»

ፖሊሱ ቀረብ ብሎ «እናት፣ ሕግ አያስተጓጉሉ» አላት። «ካሳ ካለዎት በሌላ መዝገብ ይጠይቁ።»

ወደ ተስፋሚካኤል ዞረች። «አንተ ታውቃለህ። ይህ በሬ የእኔ መሬት ዕዳ አለበት።»

«እትዬ ንጋቷ፣» አላት ተስፋሚካኤል፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ በሬ እንጂ ዕዳ አልገዛም።»

ገዛው። ገንዘቡ ከተስፋሚካኤል ኪስ ወጥቶ በጌታሁን መዳፍ ላይ አንድ አፍታ ብቻ ቆየ፤ ከዚያ በፖሊሱ አጃቢነት ቀጥታ ወደ ገቢ መስኮት ሄደ። ጭሱን ያልሸተተው፣ አመዱን ያልረገጠው፣ ከዚያ ክምር አንዲት ፍሬ ያልጠፋበት መንግሥት ሙሉ ድርሻውን ተቀብሎ ደረሰኝ ቆረጠ። ንጋቷ ገበያው መካከል ቁና ቁና እየተነፈሰች ቀረች። የተናገረችውን እዚህ አንጽፈውም፤ የሰሙት ሴቶች ግን «እንኳን ተናገረችው» ብለዋል።

ጌታሁን ቃሉን ሊያጥፍ አልፈለገም። ግን አንድ በሬ ይዞ ማን ያርሳል? ቀዩን በሬውን አንድ በሬ ብቻ ካለው ሰው ጋር አቀናጀ፤ ተራ በተራ፣ አንድ ቀን የአንተ አንድ ቀን የእኔ ብለው ተስማሙ። ሰውዬው ታዲያ «የአንተን መሬት ልረስ እንጂ የዕዳህን አላርስም» አለ። እውነቱን ነው። በዚያ ላይ ቀዩ ከዳልቻው ጋር የለመደ ነው፤ ከሌላ ጋር ሲጠመድ ይለግማል። ክረምቱ ገባ፣ ሰው ሁሉ ዘራ፣ የንጋቷ መሬት ጦም አደረ። ጌታሁን ዶማ ይዞ አንዲት ጥግ ቆፍሮ ባቄላ ጣለላት። ስትመለከተው ልታዝንለት ፈለገችና አቃታት። «ይበቃሃል፣ ሂድ» አለችው። «አንተንም ሳይህ ያናድደኛል፣ ሳላይህም ያናድደኛል።»

ያን ዓመት የኖረችው በእንዝርቷ ነው። ጣቷ እስኪላጥ ፈተለች። ከበጎቿ አንዷን ሸጣ እህል ገዛች።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ ኪዳነ ማርያም የሚባል ማመልከቻ ጸሐፊ ጃንጥላ ዘርግቶ ይቀመጣል። ከሌላው ጸሐፊ ይልቅ የሚሻለው እየሰማ መጻፉ ነው። ጉዳይዋን ስትነግረው ብዕሩን አስቀመጠ።

«እትዬ፣ መቀጮው ሲወሰን ዳኛው ፊት ቆመው ‹ከዚህ ላይ ለእኔ ይሰጠኝ› ብለው ነበር?»

«አላልኩም።»

«ቢጠይቁ ኖሮ ሊታይልዎ ይችል ነበር። ከመቀጮው ለተጎጂ ይሰጥ ብሎ ማዘዝ ዳኛን የሚከለክለው የለም።»

«ማን ነገረኝ?»

«አይ፣ ነጋሪማ የለም። መጠየቅ ነበረብዎ ማለቴ ነው።»

«ልጄ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ዳኛ አለ፣ ዓቃቤ ሕግ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ፖሊስ አለ። ሁሉም ደመወዝ የሚበሉ፣ ሁሉም የተማሩ። ከሁሉም ያልተማርኩት እኔ ነኝ፤ መጠየቅ የነበረብኝም እኔ ነኝ?»

ኪዳነ ማርያም ብዕሩን መልሶ አነሣ። የፍትሐ ብሔር ክስ ጻፈላት፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ድህነቷን መስክሮላት የዳኝነት ሳትከፍል ክሷ ተከፈተ። ከዚያ የቀጠሮው ነገር ነው። አንድ ጊዜ ዳኛው ስብሰባ ሄደዋል፤ አንድ ጊዜ መዝገቡ ሌላ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል፤ አንድ ጊዜ መብራት የለም ተባለና ማተሚያው ሳይሠራ ቀረ። ከቆላ ማያ ወረዳው ድረስ ግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው፣ ያውም ቁልቁለቱ ሲሄዱ ዳገቱ ሲመለሱ። በመጨረሻ ግን ተፈረደላት። የገብሱን፣ የገለባውን፣ የደከመችበትንም ጭምር ጌታሁን እንዲከፍላት ተወሰነ። መንደሩ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት፤ ምስጋናም በስልክ «አላልኩሽም?» አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ፍርዱ ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀት ደግሞ በቀንበር አይጠመድም።

ፍርዱን ለማስፈጸም ስትቀርብ ሌላ ዳኛ ነበሩ፣ ጠና ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ ሰው። ጌታሁን ከጎኗ ቆሟል፤ እንደ ተከሳሽና ከሳሽ ሳይሆን እንደ አንድ ሬሳ ቀባሪዎች ነበር የቆሙት።

«እናቴ፣ የባለዕዳውን ንብረት ያመልክቱ» አሏት ዳኛው። «ምን አለው?»

«አንዲት ላምና አንድ ቀይ በሬ ቀርቶታል፣ ጌታዬ። እነሱን አልጠይቅም፣ ልጆች አሉት።»

«ቢጠይቁም አይያዙም። ገበሬ የሚያርስበት በሬና የሚኖርበት ከብት ለዕዳ እንዳይወሰድበት ሕጉ ይጠብቀዋል።»

ንጋቷ ሳቀች። ከልቧ አልነበረም፤ ችሎቱ ግን ዞሮ አያት። «ጌታዬ፣ ደግ ሕግ ነው። ዳልቻው ሲሸጥ የት ሄዶ ነበር?»

ዳኛው መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «ያን ጊዜ ተከሳሹ መቀጮውን ለመክፈል በራሱ ፈቃድ ነው የሸጠው።»

«በፈቃዱ?» አለች። «ፖሊስ ከጀርባው ቆሞ፣ ወህኒ ከፊቱ ተከፍቶለት?»

«እናቴ፣ ያ ሌላ መዝገብ ነው። ዛሬ ያለነው በዚህ ነው። ሌላ ንብረት ካለው ያመልክቱ፤ ከሌለው መዝገቡን እንዘጋዋለን። ወደፊት ንብረት ባገኙበት ጊዜ ሊያንቀሳቅሱት ይችላሉ።»

«አግኝቼበታለሁ» አለች ንጋቷ። ወደ ዳኛው ጠረጴዛ አንድ እርምጃ ተጠጋች። «የት እንዳለም አውቃለሁ። እናንተ ጋ ነው። አንድ በሬ ነበረው፤ ያቃጠለብኝን ሊክሰኝ ሽማግሌ ፈርዶ የያዘው በሬ። እናንተ ቀደማችሁኝና በላችሁት። ከእናንተ ላይ ያዙልኝ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ በዚህ ነገር ውስጥ አንድ እንኳ ክፉ ሰው አልተገኘም።

«ገንዘቡ ግምጃ ቤት ገብቷል» አሏት ቀስ ብለው። «ከዚያ ላውጣ ብል በዚህ መዝገብ ሥልጣን የለኝም።»

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ይሉ ነበር አባቶቻችን» አለች ንጋቷ። «እኔ ደግሞ ንጉሥ ቀርቷል ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

መዝገቡ ተዘጋ። ከአጥሩ ሲወጡ ጌታሁን «እትዬ፣ ቀዩንም ልሽጠውና…» ብሎ ጀመረ። አላስጨረሰችውም። «ሽጠውና ለማን ልትሰጥ? ሌላ መቀጮ ይፈልጉልሃል። ያዘው በሬህን።» ዳገቱን አብረው ተያያዙት። ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጣችው በእሱ ላይ እንዳልሆነ እሱም ገባው፤ ጠጋ ብሎ ቁራጭ በትሩን አቀበላትና ተመርኩዛበት ወጣች።

ሁለተኛው ክረምት እየመጣ ነው። መሬት ሁለት ዓመት ጦም ካደረ ሣሩ ሥር ይሰዳል፤ ከዚያ በኋላ ዶማም አይበግረውም። ምስጋና «ስጪው እማዬ፣ ለሚያርስ ስጪው» አላት። የሚያርስ ደግሞ ነበር። ተስፋሚካኤል መልእክተኛ ልኮ ነበር፤ በሬውም ዘሩም ከእሱ፣ መሬቱ ከእሷ፣ ምርቱን እኩል። ደንቡ ነው፣ አላጭበረበራትም። በሬ የሌለው ሰው ሌላ ምን ምርጫ አለው? ንጋቷ ሁለት ቀን በቁጣ ስትፈትል ዋለችና በሦስተኛው «ይረስ» አለች።

የተስፋሚካኤል ቅጥረኛ ባየው የሚባል ጎረምሳ ነው፣ ከደብረ ሲና በኩል የመጣ፣ የመንደሩን ነገር የማያውቅ። ማለዳ ጥንድ በሬ ጠምዶ ገባ። ባለመሬት ለአራሽ ምሳ ያቀርባል፤ ንጋቷም ቂጣዋንና ጠላዋን ይዛ ወደ ማሳው ወጣች። ከሩቅ አወቀችው። ዳልቻው ነው። ያንኑ ያመድ ቦታ፣ ክምሯ የተቃጠለበትን፣ እየገለበጠ ዳገቱን ይወጣል፤ የተጠመደውን ሌላ በሬ እንደ ድሮው ጎትቶ ይወጣል። ማረሻው በጥልቀት ገብቷል፤ አስተራረሱ ያምራል። ንጋቷ ምሳውን መሬት አስቀምጣ ቆመች።

ባየው ፊቷን አይቶ ተገረመ። «እትዬ፣ ምነው? መሬትዎ እንዲህ አምሮ ሲታረስ ደስ አይልዎትም?»

«ዳልቻውን ታየዋለህ?» አለችው። «እሱ የእኔ ካሳ ነው። ይህንኑ መሬት፣ በዚሁ ወር፣ በነጻ ሊያርስልኝ ተፈርዶልኝ ነበር። አሁን በገብሴ እኩሌታ ተከራየሁት።»

በሬዎቹ መዞሪያው ላይ ደርሰው ቆመዋል፤ ዳልቻው ድምፅዋን ለይቶ ነው መሰለኝ አንገቱን ወደ እሷ አዙሮ አልሄድም አለ። ባየው ጅራፉን አነሣ።

«ተው፣ አትምታው» አለች ንጋቷ። «የበደለኝ እሱ አይደለም።»